የመገጭ ዓሣ ዕቅዳችን፦ ሁለተኛው ገጽ ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ወገን። ከጣና ሐይቅ ወደ መገጭ ወንዝ ስለሚወጣው ዓሣ ያዘጋጀነውን የገንዘብ መጠየቂያ ዕቅድ ሐሙስ እናስገባለን ተባብለናል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ወደ ወንዝ የሚወጣው ዓሣ ወንዙን ያዳብራል» ብለናል። ምን ትላላችሁ?

መምህሩ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔው ላፍርሰው። ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ነገር ነው ያመጣሁት። የፓስፊክ ሳልመን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ክብደቱን ባሕር ውስጥ ያበጃል። ከዚያ ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥልና እዚያው ይሞታል። ማዳበሪያው ሬሳው ነው። አላስካ ላይ ድብ ዓሣውን ጫካ ድረስ ጎትቶ ይበላል፣ የተረፈው ዛፍ ሥር ይበሰብሳል፤ የባሕር ምግብ ናይትሮጅን 15 የሚባለው ከበድ ያለ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት፣ ተመራማሪዎች ያንኑ በዛፎቹ ውስጥ አግኝተውታል። ደስ ሲል! የእኛው ዓሣ፣ የጣና ቢልጫ፣ ግን አይሞትም። እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ለወንዙ የሚተወው እንቁላሉንና ከሰውነቱ የሚያስወጣውን ብቻ ነው።

ከጎርጎራ፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ደሞ መገጭ ማዳበሪያ መቼ አጣ? በክረምት ከየማሳው ታጥቦ የሚወርደውን አፈር እያየን። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ ዳርቻ ታየ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ የተንሰራፋው ጠግቦ እኮ ነው። በዚህ ገንዘብ ብንጠይቅ ይስቁብናል።

አስተባባሪ፦ ታዲያ ምን እንጻፍ?

መምህሩ፦ መንገዱን። ቢልጫ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከሐይቁ ይወጣል፤ የሚፈልገው አየር ያለው ጥርት ያለ ውኃና ንጹሕ ጠጠር ነው፣ ደለል እንቁላሉን ያፍነዋል። ችግሩ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ መጠበቁ ነው። መረብ ከተዘረጋ እንቁላል የያዘችው ሁሉ ትለቀማለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጣና ቢልጫ በ10 ዓመት ውስጥ በ75 በመቶ ገደማ የቀነሰው በዋናነት እንዲህ ባለው ማጥመድ ነው።

ከአዘዞ፦ ጠጠሩንስ ማን ይተውለታል? በገልባጭ መኪና እየተጫነ ነው። ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትነውንም ጨምሩ፣ ትልቁንም ጫጩቱንም ነው የሚፈጀው።

ከጎርጎራ፦ መረቡን ከልክለን ዝም አንበል ግን። ዓሣ አጥማጁ በእነዚያ ወራት ምን ይብላ? ከወንዙ አፍ ራቅ ብሎ ቀረሶና አምባዛ ያጥምድ የሚለውን ከራሳቸው ጋር ሳንነጋገር እንዳንጽፈው።

አስተባባሪ፦ እሺ። ጋሼ የሳልመኑን ነገር ወደ ሁለት መስመር ያሳጥሩልኝ፣ እንዳለ መጣሉ ያሳዝነኛል። ጎርጎራ ያላችሁ ቅዳሜ አጥማጆቹን አነጋግሩ። ማስገቢያውን ወደ ማክሰኞ እገፋዋለሁ።