አንድ ባለ 256 ጊጋ ወይስ አራት ባለ 64? ስለ ሠርግ ፎቶ አንሺዎች ሚሞሪ ካርድ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
የጥር ሠርጎች እየተቃረቡ በመሆናቸው የዚህ ሳምንት መወያያችን ሚሞሪ ካርድ ይሆናል። በቅርቡ ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት ባለሙያ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ ከሙሽራዋ ቤት እስከ ምሽቱ አዳራሽ ድረስ ይሠራል፤ አንድ ባለ 256 ጊጋ ካርድ ልግዛ ወይስ አራት ባለ 64 ሲልም ጠይቆናል። የሁለቱም ድምር ያው ስለሆነ፣ ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ አባላት ከሥራችሁ ተነሥታችሁ በምክንያት እንድታስረዱ እጠይቃለሁ።

የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ አዲስ አበባ፦
ከሂሳቡ ልጀምር። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው (የተነሳውን መረጃ ሳይነካካ እንዳለ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ያነሳው ፎቶ፣ ጥራቱን ሳያጣ ሲጨመቅ፣ 30 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 64 ጊጋ ካርድ ሁለት ሺህ ያህል ፎቶ ይይዛል። (ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት 59.6 ብሎ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ አምራቹ አንዱን ጊጋ በአንድ ቢሊዮን ባይት ሲቆጥር ዊንዶውስ ከዚያ ከፍ ባለ መስፈሪያ ስለሚቆጥር እንጂ የጎደለ ነገር የለም።) እያስተዋለ የሚሠራ ሰው በአንድ የሠርግ ቀን ሁለት ሺህ ፎቶ ካነሳ ብዙ አንስቷል። ከዚያ በላይ የሚያነሳ ሰው ቀጥሎ ለመምረጥ የሚያጠፋውን ሌሊትም አብሮ ያስብ።

አራቱን ካርዶች የምመርጠው ግን ከቦታው ይልቅ የሚደርሰውን ጉዳት በማሰብ ነው። የእኛ ሠርግ በተፈጥሮው የተከፋፈለ ነው፤ ጠዋት ሚዜዎቹ በሙሽራዋ በር ላይ ተከልክለው ሲለማመጡ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ወይም ማዘጋጃ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በመናፈሻ የሚደረገው የፎቶ ፕሮግራም፣ ማታ ደግሞ አዳራሽ። በየመሸጋገሪያው ካርድ የሚቀይር ባለሙያ አንዱ ቢበላሽበት የቀሩት ይተርፉለታል። ቀኑን ሙሉ አንድ ካርድ ያመነ ግን ካርዱ ማታ ላይ አልነበብም ቢለው የእናት እንባውም የአባት ምርቃቱም አብሮ ይሄዳል፤ ሠርግ ደግሞ ድገሙልኝ አይባልም።

የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያ፣ ሜሪላንድ፦
ወንድሜ ያቀረቡት ስሌት ትክክል ነው፤ በመደምደሚያዎ ግን አልስማማም። "የቀሩት ይተርፋሉ" ማለት የአንዱን መጥፋት አስቀድሞ መቀበል ነው። የጠፋው የተክሊሉ ሥርዓት ከሆነ፣ የአዳራሹ ጭፈራ በመትረፉ ሙሽሮቹ ምን ይጽናናሉ? ካርድ መቀያየሩ ራሱም አደጋ አለው፤ በጥድፊያ መካከል የሞላው ካርድ ባዶ መስሎ ተመልሶ ሊገባና ፎርማት ሊደረግ (ሙሉ በሙሉ ሊጠረግ) ይችላል፣ ከሱፍ ኪስ ወድቆም በአዳራሽ ምንጣፍ ላይ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው ካሜራው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒኮን ዜድ 6ንና ዜድ 7ን፣ ካኖን ደግሞ ኢኦኤስ አርን አንድ የካርድ ማስገቢያ ብቻ ሰጥተው ሲያወጧቸው ብዙ የሠርግ ባለሙያዎች የተቃወሙት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ2020 የወጡት የኒኮን ተከታዮቹ ሞዴሎች ሁለት ማስገቢያ ይዘው መጥተዋል። እንዲህ ያለውን ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ በአንድ ጊዜ በሁለቱም ካርዶች ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ባለ 128 ካርድ አስገብቼ የካርዱን ክዳን ቀኑን ሙሉ ሳልከፍት እሠራለሁ።

በተጨማሪ፣ በዚያው ካሜራ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ከሆነ ስሌቱ በሙሉ ይለወጣል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት (12.5 ሜጋባይት) የሚጽፍ የ4ኬ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋ ይወስዳል፤ ባለ 64 ካርድ ከአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ አይዘልም። የተክሊል ሥርዓት ደግሞ እናንተ ካርድ እስክትቀይሩ ቆሞ አይጠብቅም።

የስፖርት ፎቶ አንሺ፣ አዲስ አበባ፦
ሁለታችሁም ስለ መጠኑ ስትከራከሩ ፍጥነቱን ዘላችሁታል። የታላቁ ሩጫ ሯጮች መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ባለ 45 ሜጋፒክስል ካሜራ በሴኮንድ አሥር ፎቶ ቢያነሳ፣ አንዱን በ50 ሜጋባይት ብናስበው፣ በሴኮንድ 500 ሜጋባይት ያመነጫል፤ ዩኤችኤስ 2 የሚባለው የፈጣን ኤስዲ ካርዶች ማስተላለፊያ መስመር ግን ቢበዛ 312 ነው የሚያስተላልፈው። ካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻው ሲሞላ ይንቀራፈፋል፣ ወሳኙ ቅጽበትም ያልፋል። ካርዱ ላይ ቪ30፣ ቪ60 ወይም ቪ90 ተብሎ የተጻፈው በሴኮንድ ቢያንስ ስንት ሜጋባይት ያለማቋረጥ እንደሚጽፍ የሚያመለክት ስለሆነ ገዢው ከጊጋው እኩል ሊያየው ይገባል።

የካሜራ ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦
ወጣቱ ጠያቂ ብር እንደሚቸግረው እገምታለሁና ከሁሉ በፊት ላስጠንቅቀው። በርካሽ የሚሸጡ ባለ 512 ወይም ባለ 1 ቴራ ካርዶች ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ያለው ቦታ ከተጻፈው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ካርዱ ራሱን ትልቅ አድርጎ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ካሜራውም ያምነዋል፤ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የተነሱት ፎቶዎች ስማቸው ይታያል፣ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው፣ ወይም በቀደሙት ላይ ተጽፈው እነሱንም ያጠፋሉ። እንዲህ ያለ ካርድ ይዘው መልሱልን የሚሉ ደንበኞች ሲመጡ በጣም አዝናለሁ፤ ያልተጻፈውን ፎቶ ማንም ሊመልሰው አይችልም። አዲስ ካርድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊውን፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ3ን ተጠቅሞ ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው። በስሕተት የተሰረዘ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ካልተጻፈበት የመመለስ ተስፋ ስላለው፣ ካርዱን ወዲያው አውጥቶ ማስቀመጥ ነው።

የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ አዲስ አበባ፦
የሜሪላንዷ እህታችን ስለ ሁለት ማስገቢያ ያነሱትን እቀበላለሁ፤ በሁለት ካርድ ላይ የተጻፈ ፎቶ ከየትኛውም አከፋፈል ይሻላል። ነገር ግን እዚህ ብዙዎቻችን የምንሠራው በአሮጌ፣ ባለ አንድ ማስገቢያ ካሜራ ነው፤ አንዳንዱም ኤስዲኤችሲ ከሚባለው የቀድሞ የካርድ ዓይነት በላይ ስለማይቀበል ከ32 ጊጋ አያልፍም። የግልበጣውንም ጊዜ ይመልከቱልኝ። በሴኮንድ 30 ሜጋባይት የሚያነብ አሮጌ ካርድ አንባቢ አንድ ሙሉ ባለ 128 ካርድ ለመገልበጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በመሐል መብራት ከጠፋና የላፕቶፑ ባትሪ ከደከመ እንደገና ይጀመራል። እኔ ጋ ሙሽሮቹ ምሳ ሲበሉ ረዳቴ የጠዋቱን ባለ 64 ካርድ ሀርድ ዲስክ ላይ እየገለበጠ ነው። አንድ ትልቅ ካርድ ካሜራው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ የሚቻለው ሥራ በማቆም ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለጠያቂው ወጣት፣ ካሜራህ ባለ አንድ ማስገቢያ ከሆነ አራቱን ባለ 64 ግዛ፤ የሞላውን ካርድ ፊቱን ወደ ታች አድርገህ በሚዘጋ መያዣ ውስጥ አስቀምጥ፤ ፎቶዎቹ በሁለት ሀርድ ዲስክ ላይ መኖራቸውን ከፍተህ ሳታይ አንዱንም ፎርማት እንዳታደርግ።

የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያ፣ ሜሪላንድ፦
ለባለ አንድ ማስገቢያው እኔም ይህን እመክረዋለሁ። የግልበጣው ነገርም አሳማኝ ነው፤ እኔ ዘንድ ረዳት ስለሌለኝ ሁሉን የምገለብጠው ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። ነገ ባለ ሁለት ማስገቢያ ካሜራ ቢገዛ ግን በአንዱ ሮው፣ በሌላው ጄፔግ (ተጨምቆ መጠኑ ያነሰ የፎቶ ፋይል) ብቻ እንዲጻፍ ያድርግ። አንድ ጄፔግ 10 ሜጋባይት ቢሆን በእጁ ካሉት ባለ 64 ካርዶች አንዱ ብቻ ስድስት ሺህ ያህል ፎቶ ይይዝለታል፤ ለመጠባበቂያው ሌላ ብር ሳያወጣ የሠርጉ ቀንም የመልሱም ቀን በአንዱ ካርድ ላይ ያድርለታል።