ለአንዱ ልጅ፣ ለሌላው የእንጀራ ልጅ፦ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ቀልድ በሚዲያ

ጥያቄ፦
እንግሊዛዊ ስኮትላንዳዊን ሲዘልፍ "ጨዋታ ነው" ተብሎ ይታለፋል፤ ስኮትላንዳዊው አፉን ሲከፍት "ጥላቻ" ይባላል። ይህን በማስረጃ ለማሳየት ሁለት ቀልድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል? ቅሬታስ የት ይቀርባል?

መልስ፦
በወቅቱ የቢቢሲ የመኪና ፕሮግራም አቅራቢ ከነበረው እንግሊዛዊ ከጄረሚ ክላርክሰን ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አውስትራሊያ ውስጥ ለጋዜጠኞች ሲናገር ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውንን "አንድ ዓይና ስኮትላንዳዊ ጅል" አላቸው። ብራውን የግራ ዓይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው ራግቢ ሲጫወቱ ነው። ክላርክሰን ይቅርታ የጠየቀው ስለ መልካቸው በተናገረው ብቻ ነበር። "ስኮትላንዳዊ" የሚለው ቃል ለስድብ መዋሉ ግን እንዲሁ ታለፈ፤ እኔን የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ስኮትላንዳዊውን የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪን ይመልከቱ። በ2006 የዓለም ዋንጫ ሰሞን የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ስኮትላንድም አላለፈችም። ማንን ትደግፋለህ ሲባል፣ ከእንግሊዛዊው የቴኒስ ተጫዋች ከቲም ሄንማን ጋር እየተራረበ፣ እንግሊዝን የሚገጥመውን ሁሉ አለ። ተረቡ ቀርቶ መልሱ ብቻውን ተቆርጦ ወጣ፤ ለዓመታትም ተከተለው።

መልስ፦
ምሳሌዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን እኩል አይመዘኑም። አንዱ የሰው አካል ላይ ያነጣጠረ ነው፣ ሌላው የኳስ ቡድን ላይ። ተቃዋሚ ክርክርዎን የሚያፈርሰው በዚህ በኩል ነው። አንድ ጋዜጣ ይምረጡና ሁለቱን ጉዳዮች እዚያው ውስጥ ይፈልጉ። ርዕሱ "ቀልድ" ይላል ወይስ "ስድብ"? ስንት ቀን ተጻፈበት? ከቀልዱ በፊት የተጠየቀው ጥያቄ አብሮ ታትሟል? ብዙውን ጊዜ አድልዎው ተደብቆ የሚገኘው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው።

ቀኝ ዘመሙን ብቻ አይፈትሹ። ስፔክቴተር የተባለው ቀኝ ዘመም መጽሔት በ2004፣ ቦሪስ ጆንሰን አርታኢ ሳለ፣ ስኮትላንዳውያንን ተባይ ዘር የሚል ግጥም አትሟል። ግራ ዘመሙ ጋርዲያንም በ2015 የወቅቱን የስኮትላንድ መንግሥት መሪ ኒኮላ ስተርጀንን ከዘመድ ጋር ከመተኛትና ከስኮትላንድ ጭፈራ ጋር ያያያዘ ካርቱን አውጥቷል። በሁለቱም ላይ የሕዝቡን ስም በሌላ ሕዝብ ስም ይተኩና አርታኢው ያሳልፈው እንደነበር ይጠይቁ።

መልስ፦
ስለ ቅሬታው፦ ጋዜጣ ከሆነ በ4 ወር ውስጥ ለኢፕሶ (የብዙዎቹ የብሪታንያ ጋዜጦች አቤቱታ ሰሚ አካል) ይጻፋል። ሰው የሚሰናከለው ኢፕሶ በሚሠራበት የጋዜጦች ደንብ አንቀጽ 12 ላይ ነው፤ መድልዎን የሚከለክለው ተለይቶ ለሚታወቅ ግለሰብ ብቻ ነው። "ስኮቶች ሁሉ" ወይም "እንግሊዞች ሁሉ" የሚል ዘለፋ አይነካውም። ግለሰብ ተነክቶ ከሆነም አቤቱታው ከራሱ ከባለጉዳዩ ይጠበቃል። ቃል ተቆርጦ ትርጉሙ ከተጣመመ ግን በአንቀጽ 1፣ በትክክለኛነት፣ ሌላ ሰውም ማመልከት ይችላል። የአንዲ መሪ ዓይነቱ ጉዳይ የሚገባው በዚህ በር ነው። ጋርዲያን የኢፕሶ አባል ስላልሆነ የሚጻፈው ለራሱ የአንባቢዎች አርታኢ ነው።

ቢቢሲ ላይ የተላለፈ ከሆነ በቅድሚያ ለቢቢሲ፣ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ፤ መልሱ ካላረካ ወደ ኦፍኮም (የብሪታንያ የስርጭት ተቆጣጣሪ)። ሲጽፉ የፕሮግራሙን ስም፣ ቀኑን፣ ደቂቃውንና ቃል በቃል የተባለውን ያስቀምጡ። የክላርክሰኑ ቃል የተነገረው በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ እንጂ በፕሮግራም ውስጥ ስላልሆነ፣ እንዲህ ያለውን እንደ ስርጭት ቅሬታ ካቀረቡት ውድቅ ይሆናል።