የበዓል ፖስት ካርዶችን ስለ መላላክ፣ ስለ መስቀልና ስለ ማስቀመጥ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በዓል በተቃረበ ቁጥር ከዘመድ፣ ከወዳጅና ከሥራ ባልደረባ በርከት ያሉ የመልካም ምኞት ፖስት ካርዶች ይደርሱኛል። መደርደሪያ ላይ ከፈት አድርጌ ሳቆማቸው በሩ ሲከፈት ነፋሱ አንዱን ይጥለዋል፣ የቀሩትም ተከትለውት ይወድቃሉ፤ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ስለጥፋቸው ደግሞ ሲነሡ የግድግዳውን ቀለም ይዘው ይነሣሉ። ግድግዳውንም ካርዱንም የማይጎዳ ዘዴ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ካርድ ለላከልኝ ሰው ሁሉ አጸፋውን መላክ ግዴታ ነውን? በዓሉ ካለፈስ በኋላ ካርዶቹን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?

ምላሽ 1

ሁነኛው ዘዴ ሲባጎ ነው። በሁለት መደርደሪያዎች ወይም በመጋረጃ ብረት ጫፎች መካከል ወጠር አድርገው ያስሩትና ካርዶቹን እንደ ልብስ ያስጡበት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ እጥፋቱ ከላይ የሆነ ካርድ በሲባጎው ላይ ቢንጠለጠል ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ እጥፋቱ በጎን የሆነው ግን እንደዚያ ሲሰቀል ሥዕሉ ወደ ጎን ስለሚተኛ ከላይኛው ጠርዙ በትንሽ መቆንጠጫ መያዝ አለበት። መቆንጠጫው ብርቱ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ምልክት ስለሚተው በመካከሉ ቁራጭ ወረቀት ማስገባት ይበጃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ቦታ ይሽሹ፤ ብርሃን የኅትመቱንም የእስክሪብቶውንም ቀለም ያደበዝዛል። ሻማ በሚበራበት አካባቢ መስቀልማ ጨርሶ አይታሰብም።

ምላሽ 2

ስለ አጸፋው ልናገር። ለሽያጭ የታተመው የመጀመሪያው የገና ካርድ እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን የወጣ ሲሆን፣ ያሳተመው ሄንሪ ኮል፣ ሥዕሉን የሠራው ደግሞ ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነበር። ምኞቱ አስቀድሞ ታትሞ የተቀባዩና የላኪው ስም ብቻ የሚሞላበት ባዶ ቦታ ተትቶለት ነበርና፣ ካርድ ከጥንቱም ለእያንዳንዱ ሰው ረጅም ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ያጠረውን ሰው የሚያግዝ ነገር ነው። ስለዚህ እንደ ዕዳ ሊቆጥሩት አይገባም። ለሥራ ባልደረባ በአካል ማመስገን ይበቃል ባይ ነኝ፤ በእጃቸው ጽፈው ለላኩ አረጋውያን ግን በእጅ የተጻፈ መልስ ቢዘገይም መላክ አለበት። ከታተመው ምኞት ሥር ፊርማ ብቻ ከማኖር ይልቅ «ልጅሽ ትምህርቷን መጨረሷን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል» የምትል አንዲት መስመር ብትታከልበት ካርዱ ለዚያች ሴት ብቻ የተላከ ይሆናል። በሚያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ከጻፉ ቀለሙ ሳይደርቅ ካርዱን አጥፈው አይዝጉት። 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ 114 በ162 ሚሊ ሜትር በሆነ ፖስታ ውስጥ በልኩ ይገባል፤ አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ፖስታ ግን የፖስታ ቤት መለያ ማሽኖችን ስለሚያስቸግር በአንዳንድ አገሮች ተጨማሪ ክፍያ ያስጠይቃል።

ምላሽ 3

ሁሉንም ካርድ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ የማስቀምጠው የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚፈርመው በስሙ ብቻ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ የትኛው እንደ ላከው ስለማይታወቅ፣ የላኪውን ሙሉ ስምና ዓመቱን በካርዱ ጀርባ በእርሳስ ለዘብ አድርጌ እጽፋለሁ። ፖስታውንም ከመጣሌ በፊት አድራሻ መለወጡን አያለሁ። ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ወይም በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ ከተራ ወረቀት ጋር ለዳግም ምርት ስለማይውል ለብቻው ይለይ፤ ሲከፈት ዜማ የሚያሰማውም ባትሪው ይውጣለት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሲባጎውን ዛሬውኑ እወጥራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ውስጡ የግል ጉዳይ የተጻፈበትን ካርድ እንግዳ በሚገባበት ክፍል መስቀል ነውር አይሆንም?

ምላሽ 1

በጠርዙ በመቆንጠጫ ሲያዝ ተዘግቶ ስለሚውል የሚታየው ሥዕሉ ብቻ ነው። ኀዘን ወይም ሕመም የተነሣበት ከሆነ ግን ከሌሎቹ ለይተው በመሳቢያ ያስቀምጡት።