ስድሳዋን ለሩቢኮን ማዘጋጀት፦ የጋራ ሐሳብ የምንቀርጽበት የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ ለማህበራችን ያበረከቱት እ.ኤ.አ. የ1985 ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ባለ 60 ሞዴል ስለሆነች ስድሳዋ የምንላት፣ በሚቀጥለው ሰመር ሩቢኮንን እንድታቋርጥ ሐሳብ ቀርቧል። ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሰነድ ማቅረብ አለብን። እየተከራከርንም ቢሆን እዚሁ እንቅረጸው።

ለአዲስ አባላት፦ ሩቢኮን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳክራሜንቶ በስተምሥራቅ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ውስጥ ያለ የድንጋይ መንገድ ነው። ከጆርጅታውን ወገን ተነስቶ ታሆ ሐይቅ ዳር፣ ታሆማ ላይ ይወጣል። ጠቅላላ ርዝመቱ 22 ማይል፣ 35 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አስፋልት ላይ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ርቀት እዚያ ሁለት ቀን ይወስዳል። ከሉን ሌክ ግድብ ስንነሳ ወዲያው ግራናይት ላይ ነን። ከዚያ ሊትል ስሉስ፣ ባክ አይላንድ ሐይቅ፣ ቢግ ስሉስ፣ ሩቢኮን ስፕሪንግስ፣ በመጨረሻም የካዲላክ ሂል ዳገት አሉ። ጂፖች እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በቡድን እየሄዱበት ነው። አጭር ጂፕ የሚያልፍበትን ሁሉ ረጅም ዋገን በቀላሉ ያልፈዋል ማለት ግን አይደለም።

መካኒክ፦
ለእኔ ዋናው ጥያቄ መኪናዋን ምን ያህል ከፍ እናድርጋት የሚለው አይደለም። ሆዷን፣ ጎኗንና ጅራቷን በምን እንሸፍን፣ እንዴትስ ቀስ ብላ እንድትሄድ እናድርግ የሚለው ነው። ሩቢኮን ፍጥነት አይፈልግም። ሰው በእግሩ ይቀድመናል።

የስድሳዋን ጠባይ እንይ። በሁለቱ አክስሎች መካከል 2.73 ሜትር አላት። ይህ ርዝመት ዳገት ላይ ጥሩ ነው፤ ፊቷ ቶሎ አይነሳም። ነገር ግን ሹል ድንጋይ ላይ ሆዷ ይቀመጣል፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይም ወደኋላ እየተመለሱ ማስተካከል ግድ ነው። ከኋላ አክስል በኋላ ያለው ቦዲ ደግሞ ረጅም ነው። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) እዚያው ሥር ነው ያለው። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጫፍም እዚያው ነው። ከከፍታ ድንጋይ ስትወርድ መጀመሪያ የሚመታው ይህ ክፍል ነው። የፋብሪካው መከላከያ ቆርቆሮ ለኮረኮንች ይበቃ ይሆናል። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ግራናይት ላይ ሲያርፍ ግን አይችለውም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሦስት የብረት ሥራዎች እንዲሠሩ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሁለቱም ጎን ከበሮቹ ሥር ወፍራም የብረት ቱቦ ይግባ። የሚበየደው ሻንሲው ላይ ነው፤ ቦዲው ላይ ከሆነ ድንጋይ ሲመታው በሮቹ መዘጋት ያቆማሉ። ሁለተኛ፣ ለሰልባትዮው ወፍራም የብረት ጋሻ። ሦስተኛ፣ የኋላው ፓራውልት (ባምፐር) ይውጣና ወደ ላይ የተቆረጠ አጭር ብረት ይተካው። ማርሚታውም ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ወደ ጎን ይውጣ።

ወጣት አባል፦
ወንድሜ፣ በብረቱ እስማማለሁ። ግን ለምን እንደ ሌሎቹ አናደርጋትም? ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ አስረን፣ 35 ኢንች ጎማ አስገብተን፣ ቪ8 ሞተር እንግጠምላት። በቪዲዮ የማያቸው ስድሳዎች በሙሉ እንደዚያ ናቸው። የፋብሪካው ሞተር 2ኤፍ ደካማ ነው።

መካኒክ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። በተራ ልመልስልህ።

ሞተሩን በተመለከተ፣ የኛ መኪና የ1985 ስለሆነች ካሊፎርኒያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ ስሞግ (የጭስ ምርመራ) ማለፍ አለባት። ከስሞግ ነፃ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1975ና ከዚያ በፊት የተሠሩት ናቸው። ሞተር ከቀየርን የክፍለ ሀገሩ ሬፈሪ (ልዩ የጭስ መርማሪ) ዘንድ ቀርባ መፈተሽ አለባት። የአዲሱ ሞተር የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃ በሙሉ ተሟልቶ መገኘት አለበት። ሰመር ከመድረሱ በፊት ይህን እንጨርሳለን ብዬ ለጉባኤው ቃል መግባት አልችልም። ደግሞም 2ኤፍ 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። አቅሙ የሚወጣው በዝቅተኛ ዙር ነው። ድንጋይ ላይ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ ማድረግ መኪናዋን በጣም ከፍ ያደርጋታል። የመሪው ዘንግ እንደገና መሠራት አለበት፣ የፍሬን ቱቦ መርዘም አለበት፣ ኃይል ሲሰጣት አክስሉ ራሱን መጠምዘዝ ይጀምራል። ጎን ለጎን በተዘነበለ ድንጋይ ላይ ደግሞ ከፍታው ራሱ አደጋ ነው። ሁለት ኢንች ተኩል የምትጨምር አዲስ ባሌስትራ፣ ጥሩ ሾክ አብዞርበርና 33 ኢንች ጎማ ይበቃናል። ከፋብሪካ ስትወጣ ጎማዋ 29 ኢንች ግድም ነበር።

ጋሼ፦
ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መኪናዋን የሰጠኋችሁ እንድትሠሩባት ነውና የእኔን ፈቃድ አትጠብቁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና ነድቻለሁ፤ የዚያችኛዋ ናፍታ ነበር። ከመንገድ ያስቀረን የጉልበት ማነስ አልነበረም። መንገድ ላይ የማይጠገን ነገር ሲሰበር ነበር የምንቀረው። ለእያንዳንዱ አዲስ ዕቃ “ተራራ ላይ ቢሰበር በምን እናነሳዋለን?” ብላችሁ ጠይቁ።

መካኒክ፦
ጋሼ፣ ያሉት በቀጥታ ወደ ዲፈረንሻል ሎክ፣ ግራና ቀኝ ጎማዎችን አብረው እንዲዞሩ ወደሚያስገድደው ዕቃ፣ ያመጣኛል። ይህች መኪና ከፋብሪካ ሎክ የላትም። አንድ የኋላ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ኃይሉ ሁሉ ወደ እሱ ይሄድና መሬት የያዘው ዝም ይላል። ስለዚህ ሎክ ያስፈልገናል። እኔ የምደግፈው በአየር የሚሠራውን፣ የኋላውን ብቻ ነው። አብሮት የሚመጣው ኮምፕሬሰር ጎማ ይነፋልናል፤ ድንጋዩ ላይ የጎማውን ግፊት ወደ 15 ፒኤስአይ ዝቅ አድርገን እንገባለን፣ ታሆማ ስንደርስ መልሰን እንሞላለን።

የፊቱን ሎክ ለምን አልደገፍኩም? የስድሳዋ ደካማ ጎን የፊት አክስሉ ውስጥ ያለው፣ ኃይልን ወደሚታጠፈው የፊት ጎማ የሚያደርሰው፣ ቢርፊልድ የምንለው ጆይንት ነው። መሪው እስከ ዳር ተጠምዝዞ፣ ጎማው በድንጋይ ተይዞ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይሰነጠቃል። የፊት ሎክ ሸክሙን ይጨምርበታል። አንድ ቢርፊልድ ከነሴሚያክሱ በመጠባበቂያ እንያዝ። የኩሽኔታውን ዳዶ የሚፈታው የ54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ከሌለ ግን መጠባበቂያው ጥቅም የለውም። ቅባት፣ ጨርቅና የስናፕ ሪንግ ፒንሳም አብረው ይሂዱ። ከጉዞው በፊት ጋራዥ ውስጥ ሁላችንም አንድ ጊዜ ፈተን እንገጥማለን።

ቀስ ብሎ ስለመሄድ፦ አሜሪካ የገባው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ፣ ኤች42 የሚባለው፣ አንደኛ ማርሹ 3.55 ለ1 ነው። በሌሎች አገሮች የተሸጠው ኤች41 ግን 4.9 ለ1 ነው። በአንድ ለውጥ ከ25 በመቶ በላይ ዝግ ትላለች ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳንረግጥ በማርሽ ብቻ እናወርዳታለን፣ ፍሪሲዮኑም አይቃጠልም። ዲፈረንሻሉ 3.70 ነው። ወደ 4.11 ብናወጣው ትልቁ ጎማ የወሰደብንን ብቻ ነው የሚመልስልን፤ የፊትና የኋላው ደግሞ አብረው መቀየር አለባቸው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ካምቢዮው ይቅደም።

ገንዘብ ያዥ፦
ቁጥሩን እኔ ነኝ የማቀርበው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በግልጽ ልያዘው። የብረት ሥራው፣ ጎማና ባሌስትራው ከማህበሩ ካዝና ይከፈላሉ። የኋላው ሎክ ከአባላት ልዩ መዋጮ። ካምቢዮው ዕቁባችን ሲደርስ። የብየዳውን የእጅ ዋጋ አባላት በጉልበት ይሸፍኑታል ብዬ ነው የያዝኩት። ዊንች (መኪና በገመድ ስቦ የሚያወጣ ማሽን) ግን አልሰማሁም። ረስታችሁት ነው ወይስ ትታችሁት?

መካኒክ፦
እህቴ፣ አብሮን የሚሄደው የአባላችን መኪና ዊንች አለው። ለስድሳዋ በዚህ ዓመት ፊትና ኋላ ጠንካራ መጎተቻ መንጠቆ ሻንሲው ላይ ይታሰር። ብቻዋን ግን አትገባም፤ ይህ እንደ ደንብ ይጻፍ።

ነርሷ አባል፦
ስለ መኪናዋ ብዙ ተባለ። ስለ ሰውና ስለ ውኃው ልጨምር። ሩቢኮን በቆሻሻ ምክንያት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የውኃ ጥራት ቦርዱ ካውንቲውንና የደን አገልግሎቱን አጽዱ ብሎ አዟል። ዛሬ ያ መንገድ ክፍት የሆነው በጎ ፈቃደኞች ብዙ ስለለፉበት ነው። በየመኪናው ተንቀሳቃሽ የመጸዳጃ ከረጢትና የፈሰሰ ዘይት መምጠጫ ይኑር። ሰልባትዮ ቢቀደድ የሚፈሰው ሐይቅ ዳር ነው። የመምጠጫው ነገር እንደ ትርፍ ዕቃ አይታይብኝ።

በተጨማሪ፣ ከፊት ቆሞ አሽከርካሪውን የሚመራ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አራት ሰው በአንዴ “ግራ! ቀኝ!” ካለ ሰው ይጎዳል። ማንም ሰው ከመኪናው በታች ባለው ቁልቁለት አይቁም።

ወጣት አባል፦
በሞተሩ ጉዳይ አሳምነኸኛል፣ ቪ8ቱን ትቼዋለሁ። ግን የካርቡሬተሩ ነገር ያሳስበኛል። ከፍታው 2,000 ሜትር ይጠጋል፣ ሰመር ነው፣ ሞተሩ ሲዘገይ ይሞቃል። ባለፈው ዓመት ሌላ ዳገት ላይ አጥፍተናት አልነሳ ብላን ነበር።

መካኒክ፦
ልክ ነህ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ይፈላል። ፋብሪካውም ስለሚያውቀው ሞተር ከጠፋ በኋላ ካርቡሬተሩን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ፋን አድርጎለታል። የኛው ፋን ይሠራ እንደሆነ አንተ አረጋግጥልን። የነዳጅ ቱቦው ከማርሚታው አጠገብ በሚያልፍበት ቦታ ሙቀት መከላከያ ይጠቅለልበት። ራዲያተሩ ታጥቦ፣ ቺንጋዎቹ በአዲስ ተቀይረው ይሂዱ።

አስተባባሪ፦
እሺ፣ እስካሁን የተስማማንበትን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

“ማህበሩ ስድሳዋን ቦዲዋን ሳይቆርጥ፣ ሞተሯን ሳይቀይር ለሩቢኮን ያዘጋጃል። መጀመሪያ የጎን፣ የሰልባትዮና የኋላ መከላከያ ብረት ይሠራል። ቀጥሎ ባለ ሁለት ኢንች ተኩል ባሌስትራና 33 ኢንች ጎማ፣ ከዚያ የኋላ ሎክ ከነኮምፕሬሰሩ ይገባል። ኤች41 ካምቢዮ ገንዘቡ ሲፈቅድ ይጨመራል። መጠባበቂያ ቢርፊልድ ከነመፍቻው ሳይያዝ ጉዞ አይጀመርም። ስድሳዋ ዊንች ካለው መኪና ጋር እንጂ ብቻዋን አትሄድም። የመጸዳጃ ከረጢትና የዘይት መምጠጫ በየመኪናው ይኖራል።”

የቀረ ካለ እስከ ዓርብ ጨምሩ።

ጋሼ፦
ዝናብ ቢዘንብ ወይም በረዶ ዘግይቶ ቢቀልጥስ? እርጥብ ግራናይት ጎማ አይዝም። ቀኑን ለሰኔና ለሐምሌ አትቸኩሉበት።

አስተባባሪ፦
ገብቶኛል ጋሼ። “ጉዞው ነሐሴ ውስጥ ይሆናል፤ ዝናብ ከተተነበየ ይራዘማል” የሚል እጨምራለሁ። በካውንቲው የእሳት ገደቦች መሠረት ካምፕ እሳት የለም፣ ቡናው በጋዝ ምድጃ ይፈላል።

መካኒክ፦
አንድ ዓረፍተ ነገር ከብረቱ ሥራ በፊት አስገባልኝ። “ሻንሲው፣ በተለይ የመሪ ሳጥኑ የታሰረበት ቦታ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ይመረመራል።” ትልቅ ጎማ እዚያ ቦታ ላይ ስንጥቅ ያመጣል። ስንጥቅ ካገኘን የጎማውን ገንዘብ ለብየዳው እናዛውራለን። ገንዘብ ያዣችን ይህን ከተስማማሽ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን እከፍታለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ተስማምቻለሁ። ግን የስንጥቁን ፎቶ ላክልኝ፤ ጉባኤው ላይ ገንዘቡ ለምን እንደተዛወረ ሲጠይቁኝ የማሳያቸው እሱን ነው።