የአያቴን ድምፅ ከካሴት ወደ ላፕቶፕ እንዴት ልገልብጥ?

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ ታቦር)

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ በ1980ዎቹ ራሳቸው የቀዷቸው ካሴቶች እኔ ጋ አሉ። በሲዳሙ አፎ የዘር ሐረጋችንን ይቆጥራሉ፤ የድሮ ጠብ እንዴት እንደታረቀ ያወራሉ። መሀል ላይ ሴት አያቴ «ቡና ደርሷል» ሲሉ ይሰማል። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም።

ከዘመድ ቴፕ ተውሼ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ድምፁ ታፍኗል። ጮክ ሲሉ ደግሞ ይቀደዳል። ከሥር «እምምም» የሚል ነገር አለ። አንዱ ካሴት ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት ስላየሁበት አላጫወትኩትም። ለሱቅ መስጠት አልፈልግም፤ ቢጠፉ ምትክ የላቸውም። እቤት እንዴት ልሥራው?

መልስ 1 (ቴፕ ጠጋኝ፣ አዳማ)

እህቴ፣ ዱቄት ያለበትን እንኳን አላጫወትሽው! ሻጋታ ነው፤ በቴፑ በኩል ወደ ጤነኞቹ ይሻገራል። ለይተሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።

ከሁሉ በፊት በካሴቶቹ ጀርባ፣ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሪ። ከዚያ በኋላ ሪከርድ ቢነካ እንኳ አይጠፋብሽም።

የታፈነው ከሄዱ (ክሩን ነክቶ ድምፁን ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ቆሻሻ ይመስለኛል። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክረሽ ሄዱን ጥረጊው። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሚ፤ ሳይደርቅ ካሴት አታስገቢ። አሁንም ካልጠራ ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባት ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በትንሹ ግራና ቀኝ አዙሪያት። «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው ሲሰሙ አቁሚ፤ ሄዱ ከክሩ ጋር ገጠመ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ካሴቱን «አርጅቷል» ይላል። ያሳዝነኛል፤ ድምፁ እኮ እዚያው አለ።

የሚቀደደው ደግሞ የላፕቶፑ ቀዳዳ የማይክ ስለሆነ ነው፤ ከቴፑ የሚመጣው ይበዛበታል። ላይን ኢን (ከቴፕ ለሚመጣ ጠንካራ ድምፅ የተሠራ ቀዳዳ) ያለው፣ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዢ። እስከዚያው የቴፑን ድምፅ ቀንሺ፤ በመቅጃ ፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ይበል።

መልስ 2

ለ«እምምም»ው፦ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለሽ በባትሪ ቅጂ።

መልስ 3

ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በ44.1 ኪሎኸርዝ ቅጂና ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚይዝ ፋይል) አድርገሽ አስቀምጪ። የ90 ደቂቃ ካሴት በስቴሪዮ 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ለዘመዶች በቴሌግራም የምትልኪውን ኤምፒ3 አድርጊው። የካሴቱን የ«ሽሽሽ» ድምፅ የሚያጠፋውን የፕሮግራሙን ማጣሪያ ግን ዋናው ፋይል ላይ እንዳትሞክሪው! የሴት አያትሽን ድምፅ አብሮ ሊወስደው ይችላል። በኮፒው ላይ ሞክሪ፤ ዋናውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ።

ጠያቂዋ

ቻርጀሩን ስነቅል «እምምም»ው ጠፋ! ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሻገተውስ?

መልስ 1

እሱን ለብቻው፣ ለሌላ በማትፈልጊው ቴፕ። መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ደጅ ወጥተሽ፣ ማስክ አድርገሽ ዱቄቱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ። ስትጨርሺም ካሴቶቹን እንዳትጥያቸው።