የመንጋጋዬ ራጅ «ጤናማ ነው» ተባለ፤ ታዲያ ኤምአርአይ ለምን ታዘዘልኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለስምንት ወራት ያህል አፌን በከፈትኩ ቁጥር ከግራ ጆሮዬ ፊት «ቀጭ» የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ አፌ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ብሎኛል፤ እንጀራ የምጎርሰው እንኳ በትንሽ በትንሹ ነው። መንጋጋውን በሙሉ የሚያሳየውን ራጅ ተነሥቼ አጥንቱ ደኅና ነው ተባልኩ፤ ሆኖም ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ዋጋው ስለከበደኝ ጥቅሙን ሳልረዳ መክፈል አልፈለግሁም።

መልስ (የጥርስ ሐኪም)፦ እግዜር ይማርዎት። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። በመንጋጋው አጥንት ራስና ከጆሮ ፊት ባለው የራስ ቅል ጎድጓዳ ስፍራ መካከል ግን እንደ ትራስ የምታገለግል ቀጭን ዲስክ አለች፤ እርሷ በራጅ አትታይም። ዲስኳ ወደ ፊት ሸሽታ፣ አፍ ሲከፈት ወደ ቦታዋ ስትመለስ ያ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ በድንገት ጠፍቶ አፍ አልከፈት ሲል፣ መመለስ አቅቷት መንገዱን ዘግታለች ብለን እንጠረጥራለን፤ ይህንንም በሚገባ የሚያሳየን ኤምአርአይ፣ ማለትም በኃይለኛ ማግኔት ለስላሳ የሰውነት ክፍሎችን የሚያነሣው ምርመራ፣ ነው። ሕመም የሌለው ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ አላዝም ነበር፤ ምንም ከማያማቸው ሰዎች እንኳ ከሦስቱ የአንዱ ያህል ዲስክ ከቦታው ሸሽቶ ይገኛልና።

መልስ (የራዲዮሎጂ ባለሙያ)፦ ምስሉ አፍ ተዘግቶም ተከፍቶም መነሣቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አለዚያ ዲስኳ ትመለስ አትመለስ አይለይም፣ ገንዘብዎም በከንቱ ይወጣል። አፍ ሲዘጋ የዲስኳ የኋላ ጠርዝ በአጥንቱ ራስ አናት ላይ፣ በሰዓት ገጽ 12 ቁጥር ባለበት አቅጣጫ፣ መቀመጥ አለበት። መንጋጋ አንድ አጥንት በመሆኑ ቀኙም ግራውም ይታያል። ምርመራው ጨረር የለውም፤ ነገር ግን የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለዎት ይናገሩ፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦም ምስሉን ያበላሻል። የአጥንት መበላት ቢጠረጠር ኖሮ ተመራጩ አጥንትን በዝርዝር የሚያሳየው የራጅ ዓይነት፣ ሲቲ ስካን፣ ነበር።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ገባኝ። እስከ ቀጠሮው ድረስ አፌን በእጄ እየገፋሁ ለመክፈት ልሞክር?

መልስ (የጥርስ ሐኪም)፦ በኃይል አይክፈቱት። ለስላሳ ምግብ ይመገቡ፣ ቆሎና ጠንካራ ሥጋ ይተዉ፣ ሲያዛጉም አገጭዎን በእጅዎ ይደግፉ። የማላቀቂያ እንቅስቃሴውን ባለሙያ ያሳይዎታል፤ አብዛኛው ታማሚ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል።