ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተባልን፤ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ጎንደሬዎች። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለው ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት መታጨቱን በስብሰባ ነገሩን። የእናቴ ቤት ካርታ አለው። ከጎረቤቶቻችን ግማሹ የሚኖረው በቀበሌ ቤት ነው። አንዱ «ካሳ ተቀብለን እንውጣ» ይላል፣ ሌላው «ተደራጅተን እዚሁ ፎቅ እንሥራ» ይላል። እማዬ «ከእድሬ አልለይም» ብላ ቁጭ ብላለች። ምን ትመክሩናላችሁ?

የቀሃው፦ እታለም፣ ስለ ካሳ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ፕላኑን እዩት። የስብሰባ ወሬ ፕላን አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች አሉት። ሰፈር ድረስ ወርዶ ዝርዝሩን የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። እሱን አሳዩን በሉ። ቤታችሁ ያረፈው መንገድ ላይ ከሆነ እዚያው ፎቅ የመሥራቱ ነገር አበቃ። መኖሪያ ወይም ቅይጥ (መኖሪያና ንግድ አብሮ) ከሆነ ግን መነጋገር ይቻላል።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦ ልጨምር። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በወጣው አዋጅ 1161/2011 መሠረት፣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ባለይዞታው ፕላኑን ተከትሎ ለብቻው ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያ ይሰጠዋል። በኋላ ማሻሻያ ስለወጣለት ሁለቱንም አንብቡ። ቅድሚያ ማለት ግን ነፃ ስጦታ አይደለም፤ ብሩን ከየት ታመጣላችሁ ትባላላችሁ። ካሳ ከሆነም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(8) ተመጣጣኝና በቅድሚያ የሚከፈል ይላል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ያዙ።

የቀበሌ ቤት ጉዳይ ሌላ ነው። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ ቤቱ የመንግሥት ነው። ተከራዮቹ የሚከራከሩት ስለ ምትክ ቤት እንጂ ስለ ቤቱ ካሳ አይደለም። ኮሚቴ ስትመርጡ ከሁለቱም ወገን አስገቡ፤ አለበለዚያ በኋላ ትካሰሳላችሁ።

መሐንዲሱ፦ የአዲስ አበባን ዲዛይን ገልብጣችሁ እንዳታመጡ። የእኛ መሬት ዳገትና ቁልቁለት ነው። አፈር ሳይመረመር፣ የክረምት ጎርፍ መውረጃው ሳይታሰብ ፎቅ አይታሰብም። ውሃችን በፈረቃ ስለሆነ የታንከር ቦታ ከመሬት ጀምሮ ይያዝ። ደግሞ ፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ለቅርሱ ቅርብ ከሆናችሁ የሕንፃውን ቁመት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዲዛይን ካሠራችሁ በኋላ ሁለት ወለል ቀንሱ ብትባሉ ብራችሁ ቀለጠ።

ተነሺዋ፦ እኛን ያስወጡን ከሌላ ሰፈር ነው። አራተኛ ፎቅ ደረሰን። እናቴ ጉልበቷ አልችል ብሎ ለቅሶ መድረስ ቀረባት። ምጣድ የምንጥድበት ጠፋ፣ ድንኳን የሚተከልበትም የለም። በጋራ ከሠራችሁ የጋራ ማብሰያውን አትዝለሉ፣ ምድር ቤቱን ለአዛውንት አድርጉት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ፕላኑን ልጠይቅ እሄዳለሁ። እማዬ ይህን ሳነብላት «ምድር ቤቱ የኔ ነው፣ ጻፊው» ብላለች።